ከሲሪንቃ እስከ አዲስ አበባ፦ ተራርቀው ለሚጫወቱ ሙዚቀኞች መሣሪያ ስለ መንደፍ



ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው አውራ ጎዳና የተጓዘ ሰው መርሳን አልፎ ወልድያ ከመድረሱ በፊት ሲሪንቃን ያገኛል። የስፍራው ስም በአገር የታወቀው በግብርና ምርምር ማዕከሉ ነው። በዚያ የሚሠሩት ተመራማሪዎች ማሽላንና ጤፍን የመሳሰሉ ሰብሎችን ዝናብ ለሚያጥረው የወሎ ምሥራቃዊ ክፍል እንዲስማሙ አድርገው ይመርጣሉ፤ ያዳቅላሉ፤ በማሳ ላይ ይፈትናሉ። ስለ ሙዚቃና ስለ ቴሌኮሙኒኬሽን የተዘጋጀ ንግግር ከማሽላ መጀመሩ ለአድማጭ እንግዳ ሊመስል ይችላል። ሆኖም አንድ የዘር ተመራማሪ ዝናቡን አንዲት ቀን እንኳ ማስረዘም እንደማይችል ያውቃል። ስለዚህም ዝናቡ የሚቆይባቸውን ቀናት ይቈጥርና በእነዚያ ቀናት ውስጥ ፈጥኖ የሚደርስ ዝርያ ይፈልጋል። ተራርቀው ለሚጫወቱ ሙዚቀኞች መሣሪያ የሚነድፍ መሐንዲስም የሚገጥመው ጉዳይ ከዚህ የተለየ አይደለም። ለእርሱ ዝናቡ ጊዜ ነው፤ ያውም በሺሕ የተከፈለች የሴኮንድ ቍራጭ።

ነገሩ በምሳሌ ይታይ። ሲሪንቃ ላይ አንድ ማሲንቆ ተጫዋች፣ አዲስ አበባ ላይ ደግሞ አንድ ክራር ደርዳሪ አለ እንበል። በመካከላቸው ያለው የመንገድ ርቀት አምስት መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ባለ ማሲንቆው እንደ ብዙዎቹ የሀብሩ ሰዎች አራሽም ነው። ለአንድ ቀን ልምምድ ሦስት ቀን ከእርሻው መጥፋት አለበት፤ አንዱ ቀን ለመሄጃ፣ አንዱ ለሥራው፣ አንዱ ለመመለሻ። አረም የሚታረምበት ወይም አጨዳ የሚደርስበት ወቅት ከሆነ አይሄድም። ስለዚህ ዘፈኑ ያለ እርሱ ይቀረጻል። አራቱ ቅኝቶች ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ መሆናቸው የታወቀ ነው። ከእነዚህም ሁለቱ፣ ባቲና አምባሰል፣ ስማቸውን ከወሎ ስፍራዎች ወስደዋል። ነገር ግን በስማቸው የሚጠሩት ዘፈኖች የሚቀረጹት በአመዛኙ ከወሎ ውጭ ነው፤ ወደ ስቱዲዮው መሄድ ያልቻለው ተጫዋችም ስሙ በካሴቱም ሆነ በዛሬው የኮምፒዩተር ቅጂ ላይ አይገኝም። የመሣሪያው አስፈላጊነት የሚመነጨው ከዚህ ነው።

እንግዲህ ሁለቱ ሰዎች በኢንተርኔት መስመር ተገናኝተው አብረው ይጫወቱ ቢባል ምን ይሆናል? ብዙ ሰው የሚሰጠው መልስ በቪዲዮ መነጋገሪያ ፕሮግራሞች ይጠቀሙ የሚል ነው። ይህ መልስ ግን ሁለት ጊዜ ይወድቃል። በመጀመሪያ፣ እነዚህ ፕሮግራሞች የተሠሩት ለንግግር ስለሆነ ሰው ተራ ገብቶ እንዲናገር እንጂ ሁለት ሰው በአንድ ጊዜ ድምፅ እንዲያሰማ አያስቡም። አንዱ ሲያሰማ የሌላውን ይጫናሉ። ሁለተኛም፣ የንግግር ያልሆነውን የማያቋርጥ ድምፅ ሁሉ እንደ ጩኸት ቈጥረው ለማጥፋት ይሞክራሉ። ማሲንቆ በባሕርይው በረጅሙ የሚሳብ፣ ከፈረስ ጭራ ጋር የሚፋተግ ድምፅ ያለው በመሆኑ ፕሮግራሙ የነፋስ ማራገቢያ መስሎት ሊቈርጠው ይችላል። ትውልድ ሁሉ የተጫወተበትን መሣሪያ አንድ ሒሳብ አዋቂ ፕሮግራም ጩኸት ብሎ ሲፈርድበት ማየት የሚያስቅም የሚያሳዝንም ነው።

ከሁሉ የከፋው ግን መዘግየቱ ነው። ድምፅ በአየር ውስጥ በአንድ ሚሊሴኮንድ 34 ሴንቲ ሜትር ያህል ይጓዛል። አሥር ሜትር ተራርቀው የተቀመጡ ሁለት ተጫዋቾች አንዱ የሌላውን የሚሰማው 29 ሚሊሴኮንድ ዘግይቶ ነው ማለት ነው። በሙዚቀኞች ላይ የተደረጉ ጥናቶች እንዳመለከቱት፣ መዘግየቱ ከ25 ወይም ከ30 ሚሊሴኮንድ በላይ ሲሆን ፈጣን ምት ያለው ሙዚቃ መላላት ይጀምራል። በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ክሪስ ቼፍና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2004 ያወጡት የጭብጨባ ጥናት ደግሞ አንድ የሚያስገርም ነገር አሳይቷል። መዘግየቱ 11.5 ሚሊሴኮንድ ገደማ ሲሆን አጨብጫቢዎቹ ፍጥነታቸውን ጠብቀው ሄዱ፤ ከዚያ ሲበልጥ እያዘገሙ መጡ፤ ከዚያ ሲያንስ ግን መፍጠን ጀመሩ። መዘግየትን ፈጽሞ ማጥፋት እንኳ የተፈጥሮን ሁኔታ እንደማይመልስ ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ማዝገሙ እንዴት እንደሚመጣ ማስረዳት ቀላል ነው። መዘግየቱ 50 ሚሊሴኮንድ ቢሆንና እያንዳንዱ ተጫዋች የሰማውን ምት ጠብቆ ቢመታ፣ በእያንዳንዱ ምት ላይ ሃምሳ ይጨመራል፤ ከአሥር ምት በኋላ ግማሽ ሴኮንድ ጠፍቷል። በችክችካ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። ዋናው ምት በደቂቃ 120 ጊዜ ቢመታ እያንዳንዱ ምት ለሦስት ይከፈላልና ትንሹ ክፍል 167 ሚሊሴኮንድ ብቻ ነው። ሃምሳው የዚህ ሢሶ ሊሆን ምንም አይቀረውም። እስክስታ የሚወርድ ሰው ትከሻው ይህን ስሕተት ከጆሮው ቀድሞ ያውቀዋል።

አሁን የጊዜው በጀት ይተመን። ብርሃን በመስታወት ፋይበር ውስጥ በሴኮንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። ስለዚህ ከሲሪንቃ እስከ አዲስ አበባ ያለውን አምስት መቶ ኪሎ ሜትር ለመጓዝ 2.5 ሚሊሴኮንድ ይበቃዋል። ርቀቱ ራሱ ጠላት አይደለም። ድምፁ በሴኮንድ 48,000 ጊዜ ናሙና የሚወሰድበት ሆኖ፣ 128 ናሙና እስኪጠራቀም 2.7 ሚሊሴኮንድ ይጠፋል፤ በሌላው ጫፍ ሲወጣም ያንኑ ያህል። ድምፁን ለማመቅ እ.ኤ.አ. በ2012 ደረጃ የወጣለት ኦፐስ የተባለው ዘዴ ቢመረጥ በአጭሩ አሠራሩ አምስት ሚሊሴኮንድ ያህል ይወስዳል። እስካሁን የተቈጠረው 13 አልሞላም። የቀረው ሁሉ የሚበላው በራውተሮቹ ወረፋና በመዘግየቱ አለመርጋት ነው። አንዱ ፓኬት በ8፣ ቀጣዩ በ30 ሚሊሴኮንድ ከደረሰ፣ ተቀባዩ መሣሪያ ድምፁ እንዳይቈራረጥ ሁሉንም እስከ ሠላሳው ድረስ በማቆያ ሊያስጠብቅ ይገደዳል። የዘገየው አንዱ የፈጠኑትን ሁሉ ያዘገያል። በተንቀሳቃሽ ስልክ መረብ ላይ ይህ አለመርጋት የሬዲዮው ጠባይ ስለሆነ በአስርዮሽ የሚቈጠሩ ሚሊሴኮንዶችን ይወስዳል። ገመድ ከተገኘ ገመድ ይመረጣል። ሽቦ አልባ የብሉቱዝ ማዳመጫ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ብቻውን ከመቶ ሚሊሴኮንድ በላይ የሚያዘገይ ስለሆነ ከዚህ ሥራ ፈጽሞ መራቅ አለበት። ይህን ሳያውቅ መሣሪያውን የሚፈትን ሰው ጥፋቱን ሁሉ በቴሌ ላይ መጫኑ አይቀርም።

የአገናኙ ኮምፒዩተር የሚቀመጥበት ስፍራ በብዙ ነዳፊዎች ዘንድ ችላ የሚባል ነገር ነው። ጃክትሪፕና ጃሙለስ የተባሉት፣ በነጻ የሚገኙ የታወቁ ፕሮግራሞች፣ በተለይ በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ዓለምን በየቤቱ ሲያስቀምጥ ብዙ ተጠቃሚ አግኝተዋል። ነገር ግን አገናኙ ኮምፒዩተር ፍራንክፈርት ከሆነ፣ የሲሪንቃው ማሲንቆ አዲስ አበባ ለመግባት አውሮፓ ደርሶ ይመለሳል። የአንዱ መንገድ የአየር ርቀት ከአምስት ሺሕ ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ደርሶ መልሱ በብርሃን ፍጥነት ብቻ ከ50 ሚሊሴኮንድ አያንስም። ጎረቤትን በአውሮፓ በኩል እንደ መጥራት ነው። አገናኙ አዲስ አበባ ወይም ደሴ ላይ ቢቀመጥ ግን በጀቱ ይተርፋል። እንግዲህ ከተወዳጁ የውጭ አገልግሎት ይልቅ አንድ ተራ ኮምፒዩተር በአገር ውስጥ መትከሉ ለሙዚቀኛው ይጠቅመዋል።

ስለ ወጪም ጥቂት ማለት ተገቢ ነው። ፓኬቱ በየ2.7 ሚሊሴኮንዱ ቢላክ በሴኮንድ 375 ፓኬት ይሆናል። እያንዳንዱ ለአድራሻው ብቻ 28 ባይት ይሸከማል፤ ይህም በሴኮንድ 84 ኪሎቢት ነው። ታምቆ የሚላከው ሙዚቃ ግን 64 ኪሎቢት ብቻ ሊሆን ይችላል። ጭነቱ ከአህያው ቀለለ ማለት ነው። ሁለቱ ተደምረው በአንድ ሰዓት ለአንድ አቅጣጫ 67 ሜጋባይት ያህል ይሆናሉ፤ ለሁለቱም አቅጣጫ 133። ፓኬቱን በየአሥር ሚሊሴኮንዱ መላክ የአድራሻውን ሸክም ወደ 22 ኪሎቢት ያወርደዋል፤ ዋጋውም ሰባት ሚሊሴኮንድ ተጨማሪ መዘግየት ነው። የዳታ ጥቅል ከኪሱ የሚገዛው አራሹ ስለሆነ ምርጫው ለእርሱ ሊተው ይገባል እንጂ ነዳፊው በቢሮው ተቀምጦ ሊወስንለት አይገባም።

ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው ችግር የሰዓቶች አለመስማማት ነው። በሁለቱ ጫፍ ያሉት የድምፅ ካርዶች ሁለቱም 48,000 ይቈጥራሉ ቢባልም አንዱ ከሌላው በሚሊዮን ሃምሳ ያህል ሊለይ ይችላል። ይህ ልዩነት በአንድ ሰዓት ውስጥ 180 ሚሊሴኮንድ ይሞላል። ስለዚህ መሣሪያው አንዱን ሰዓት መሪ አድርጎ ሌላውን በማይሰማ መጠን መሳብ ወይም መልቀቅ አለበት። ችግሩ በአምስት ደቂቃ ሙከራ የማይታይ በመሆኑ በቤተ ሙከራ አልፎ በሠርግ ላይ ይጋለጣል።

ይህ ሁሉ ተሟልቶ መስመሩ የረጋ የፋይበር መስመር ቢሆን፣ ሲሪንቃና አዲስ አበባ ከ25 ሚሊሴኮንድ በታች ሊገናኙ ይችላሉ። በስልክ መረብ ከሆነ ግን አይችሉም፤ በገጠር የሚገኘውም ይኸው የስልክ መረብ ነው። ወደ ውጭ አገር ሲታሰብ ደግሞ ነገሩ የተፈጥሮ ሕግ ይሆናል። ማሪቱ ለገሠን የመሰለች የወሎ ድምፅ ከወሎ ላሊበላ የኪነት ቡድን ወጥታ ለዓመታት በአሜሪካ ኖራለች፤ በዋሽንግተን አካባቢም እስከ ዛሬ ብዙ ኢትዮጵያውያን ሙዚቀኞች ይኖራሉ። ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን 11,500 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ፋይበሩ እንደ ክር ተወጥሮ ቀጥ ብሎ ቢዘረጋ እንኳ ለአንድ መንገድ 57 ሚሊሴኮንድ ያስፈልጋል። በመስታወት ፋይበር ማንም መሐንዲስ፣ በምንም ገንዘብ፣ ከዚህ በታች አያወርደውም። ስለዚህ ችክችካን በአንድ ጊዜ ከዋሽንግተንና ከሀብሩ አስመታለሁ የሚል ነጋዴ ቢመጣ ገንዘቡን ከመስጠት በፊት ሒሳቡን መጠየቅ ይበጃል።

እዚህ ላይ ነው የሲሪንቃው ማሽላ የሚታወሰው። ጊዜው ካልረዘመ ከጊዜው ጋር የሚስማማ ሙዚቃ ይፈለግ። ይህም ሩቅ አይደለም። በላስታ፣ በቅዱስ ላሊበላ፣ በልደት ዕለት ካህናቱ በቤተ ማርያም ዙሪያ በማሜ ጋራ ላይና ከሥሩ ባለው ግቢ ቆመው ቤዛ ኵሉን ሲዘምሩ፣ ከላይ ያሉትና ከታች ያሉት እየተቀባበሉ ነው። በሁለቱ መካከል ያለውን ርቀት ድምፁ እስኪሻገር ድረስ የሚያልፈው ጊዜ ሥርዐቱን አያናጋውም፤ ተራው ራሱ ያቅፈዋል። በወሎ መንዙማም አውራጁ ያወርዳል፤ ተቀባዮቹ ይቀበላሉ። የአዝማሪው ቤትማ በአንድ ቃል የቆመ ነው፦ ተቀበል! እንግዳው ግጥሙን ይሰጣል፤ አዝማሪው ተቀብሎ በማሲንቆው ያዜመዋል። በሁለቱ መካከል የምታልፈዋን ቅጽበት ማንም ስሕተት አይላትም። እንዲያውም አዝማሪው ቃሉን የሚያጣጥምባት፣ አድማጩም የሚጠብቅባት እርሷ ናት።

ከዚህ የሚገኘው ንድፍ እንደሚከተለው ነው። መሣሪያው መዘግየቱን ለመደበቅ ከመጣር ይልቅ ወደ አንድ ሙሉ ዙር ያሳድገዋል። እያንዳንዱ ተጫዋች የሌላውን የሚሰማው አንድ ዙር ዘግይቶ፣ ነገር ግን በምቱ ላይ በትክክል ወድቆ ነው። ኒንጃም የተባለው ፕሮግራም እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ ይህን ዘዴ ይዞ ቆይቷል። በአውሮፓ ሙዚቃ ዘዴው የሚሰናከለው ኅብረ ድምፁ በየመስመሩ ስለሚለዋወጥ ነው፤ ያለፈው ዙር ከአሁኑ ጋር ይጣላል። በቅኝት ላይ የቆመ ዘፈን ግን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በአንዱ ባለ አምስት ድምፅ ቅኝት ውስጥ ስለሚኖር ያለፈው ዙር ከአሁኑ ጋር አይጋጭም። ግጥሙም አንድ ዙር ዘግይቶ መድረሱ ከላይ እንደተባለው የተለመደው የመቀበል ሥርዐት ነው። ሌሎች እንደ ጕድለት የሚቈጥሩትን የወሎ ዘፈን እንደ ቤቱ ይኖርበታል።

ሆኖም አንድ ትልቅ እንቅፋት አለ። ኒንጃም ፍጥነቱ አስቀድሞ በቍጥር እንዲወሰን ይጠይቃል። የወሎ ጨዋታ ደግሞ ቀስ ብሎ ጀምሮ እየጋለ የሚሄድ ነው። ፍጥነቱን በሜትሮኖም ማሰር ጨዋታውን መግደል ነው። መፍትሔው ዙሩን የሚወስነው ከበሮ መቺው እንዲሆን ማድረግ ነው። በከበሮው ላይ የተለጠፈች ትንሽ የንዝረት መቀበያ የእያንዳንዱን ዙር መጀመሪያ ትይዛለች፤ መሣሪያውም ያለፈውን ዙር ቅጂ የአዲሱን ርዝመት ገምቶ የድምፁን ከፍታ ሳይለውጥ ጥቂት ያጠብቀዋል ወይም ያላላዋል። ግምቱ በጥቂት መቶኛ ሲሳሳት ማሲንቆውና ዋሽንቱ ይሸከሙታል፤ የሚሳብ ድምፅ ሲሳብ ጠርዙ አይታወቅምና። ክራር በግርፍ፣ ከበሮም በምቱ ጠርዝ የሚታወቁ ስለሆኑ አይሸከሙም። ስለዚህ ከበሮው ምንጊዜም ከአውራጁ ጋር በአንድ ስፍራ ይቀመጥ ማለት የመሣሪያው መመሪያ የመጀመሪያ መስመር መሆን አለበት።

ለትዝታ ግን ይህ ሁሉ አያስፈልግም። አውራጁ በነጻ ሲያዜም አጃቢው ከኋላው ቢከተል፣ መቶ ሚሊሴኮንድ እንኳ ቢዘገይ፣ ጆሮ አጀባ እንጂ ስሕተት አይለውም። በዚህ ጊዜ መሣሪያው በሰንሰለት ይሠራል፦ አውራጁ ማንንም ሳይጠብቅ ይጫወታል፤ አጃቢው እርሱን ሰምቶ ይጨምርበታል፤ አድማጩ ሁለቱን አንድ ላይ ይሰማል። ጕዳቱ የሚደርሰው በአውራጁ ላይ ነው፤ አጀባውን ዘግይቶ ይሰማዋል ወይም ጭራሹን አይሰማውም። የአዝማሪ ጥበብ የሰውን ፊትና ሳቅ እያነበቡ መሄድ በመሆኑ ይህ ጕዳት ቀላል አይደለም፤ ንድፉም ሙሉ በሙሉ አልፈታውም።

ስለ መቃኘትም አንድ ነገር መጨመር ያስፈልጋል። በገበያ ያሉት አብዛኞቹ የመቃኛ መሣሪያዎች የፒያኖን አሥራ ሁለት እኩል ክፍሎች መሠረት ያደርጋሉ። አንቺ ሆዬን በባህሉ የሚቃኝ ሰው ግን አውታሮቹን በፒያኖ ቍልፎች ልክ ላይ አያሳርፍም። መሣሪያው ቀይ መብራት አብርቶ ተሳስተሃል ቢለው፣ ወጣቱ ተጫዋች መሣሪያውን አምኖ የአባቱን ጆሮ ሊጠራጠር ይችላል። ስለዚህ የመብራት መቃኛ ጨርሶ አይኑር። በምትኩ ባለ ማሲንቆው አንዲቱን አውታሩን በረጅሙ ይሳባት፤ ድምፁ ተቀርጾ አዲስ አበባ ይድረስ፤ ክራሩም በእርሷ ይቃኝ። ድሮም የሚደረገው ይኸው ነበር።

የመጨረሻው ጕዳይ መስመሩ የሌለበት ቀን ነው። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻና በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ጦርነቱ ሰሜን ወሎን በመታ ጊዜ የመብራትና የስልክ መስመሮች ተቋርጠው ነበር። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮም በአማራ ክልል የተንቀሳቃሽ ስልክ ኢንተርኔት ለወራት ተዘግቶ ቆይቷል። ኢንተርኔት ሲጠፋ ድንጋይ የሚሆን መሣሪያ ለዚህ አገር አልተነደፈም። ስለዚህ መሣሪያው ከሁሉ በፊት በራሱ የሚቀርጽ ይሁን፤ የእያንዳንዱን ዙር መጀመሪያና ርዝመት ከድምፁ ጋር ይመዝግብ። አምስት ዋት ገደማ የምትበላ ትንሽ ኮምፒዩተር ሃምሳ ዋት-ሰዓት በሚይዝ ባትሪ አሥር ሰዓት ያህል ትሠራለች፤ ይህም ለአንድ ሙሉ የሠርግ ሌሊት ይበቃል። መስመር ካለ ድምፁ በመስመሩ ይሄዳል። ከሌለም የጥፍር ስፋት ያላት ካርድ ተነቅላ በአውቶቡስ ሾፌር እጅ ወደ ደሴ ወይም ወደ አዲስ አበባ ትላካለች፤ ዙሩ ተመዝግቧልና ባለ ክራሩ ከሦስት ቀን በኋላም ቢሆን በምቱ ላይ ይገባል። ከአንድ ዙር መዘግየት ወደ ሦስት ቀን መዘግየት ለመሸጋገር መሣሪያው የሚለውጠው ነገር የለም፤ የሚቈጥረው ቍጥር ብቻ ይረዝማል።

በዚህ ንድፍ ላይ ሊነሡ ከሚችሉት ጥያቄዎች ከባዱ የምሕንድስና አይደለም። በካርዱ ላይ ያለው ድምፅ አዲስ አበባ ከገባ በኋላ ዘፈኑ ሲሸጥ የሲሪንቃው ባለ ማሲንቆ ድርሻ እንዴት ይታወቃል? ቢያንስ የተጫዋቹ ስም፣ ቦታውና ቀኑ በእያንዳንዱ ዙር መዝገብ ውስጥ ከድምፁ ሳይነጠል እንዲቀመጥ ማድረግ ይቻላል፤ ይህ ጥቂት ባይት ብቻ ይወስዳል። ስሙን የሚያጠፋ ቍልፍ ግን በመሣሪያው ላይ አይኑር። ይህን ሐሳብ የሚቃወሙ ባልደረቦች ይኖራሉ፤ ቀራጩ በሥራው ነጻ ሊሆን ይገባል የሚል ክርክርም ይነሣል። ክርክሩ ከመሣሪያው ሙከራ በፊት ቢደረግ ይሻላል፤ ሙከራውም በአዲስ አበባ ቤተ ሙከራ ሳይሆን በመርሳና በወልድያ መካከል፣ መብራቱ በሚጠፋበት ሰዓት፣ ሁለት ባለ ማሲንቆና አንድ ከበሮ መቺ በተገኙበት ቢጀመር ተገቢ ይሆናል።